ዞሮ የሚያይ መሪ

ወደ በቆጂ የተጓዝኩት ሯጮች ለማየት ነበር፤ ስለ መሪነት ማሰብ የጀመርኩት ግን ገና መንገድ ላይ ነው። ከአሰላ በቆጂ 60 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ሹፌራችን ድፍረት አላነሰውም፤ ጉም በሸፈነው ኩርባ ላይ ሳይቀር ይቀድማል። «ረጋ በል ልጄ» ያሉትን እናት ዞሮም አላያቸው። ሳጉሬን እንዳለፍን የኋላ ጎማ ፈነዳ። ትርፍ ጎማ የለም፣ ዝናቡ ይወርዳል። «ሌላ መኪና ፈልጉ» ብሎን በሩን ዘጋ። የእናትየዋን ጆንያ ያወረደላቸው ረዳቱ ነው። በስንት ልመና አንድ አይሱዙ ጭኖን ማታ በቆጂ ገባን።

በማግስቱ ማለዳ ሯጮቹን ተከትዬ ወደ ባህር ዛፉ ወጣሁ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ትንፋሽ ያጥራል። ጉሙ ወርዶ መንገዱ ጠፋኝ። ያገኘችኝ ከፊት ስትመራ ያየኋት ልጅ ናት። አሰልጣኙ የቀሩትን እንድትሰበስብ መልሶ ልኳት ነው። አብሯት ኮንጎ ጫማ ያደረገ ልጅ ያነክሳል። ሜዳው ላይ ስንደርስ አሰልጣኙ በርከክ ብሎ የልጁን ተረከዝ አየ፤ ተልጧል። «ለዛሬ ይበቃሃል፤ ሰዓቱን አንተ ያዝልኝ» ብሎ የእጅ ሰዓቱን ሰጠው። ልጁ እንባውን ጠርጎ የእያንዳንዱን ዙር ሰዓት በሙሉ ድምፁ ይጠራ ጀመር።

አገሩ እንዲህ ያለ አስተማሪ አጥቶ አያውቅም። እነ ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን ያሠለጠነው ስንታየሁ እሸቱ እዚያው በቆጂ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነበር።

ዞሮ ማየት በትልልቅ ውድድሮችም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2004 አቴንስ ኦሊምፒክ ላይ በ10,000 ሜትር ውድድር ኃይሌ ገብረሥላሴ ተጎድቶ ወደ ኋላ ሲቀር፣ ቀነኒሳና ስለሺ ስህን እንዲደርስባቸው ፍጥነታቸውን ቀንሰው ጠብቀውታል። ጠብቀውም ወርቁንና ብሩን ወሰዱ፤ ኃይሌ አምስተኛ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ2009 ኒውዮርክ ማራቶን ላይ ደግሞ ደራርቱ ተፎካካሪዋ ፓውላ ራድክሊፍ ስትደክም አይታ፣ አይዞሽ ብላ አብራት እንድትቀጥል አበረታታቻት። ፓውላ አራተኛ ሆና ጨረሰች፤ ደራርቱ በ37 ዓመቷ አሸነፈች።

«ርኅራኄ መሪን ያዘገያል» የሚሉ አለቆች በየመሥሪያ ቤቱ አሉ። እኔ አልቀበላቸውም። ከፊት መሮጥ ድፍረት ይጠይቃል፤ ሰዓቱ እየሄደ ተፎካካሪም እያየ ለደከመው መቆም ግን የበለጠ ድፍረት ይጠይቃል። የሚፈራ ሰው ስለ ራሱ ብቻ ያስባል።

ቡድን የምትመሩ ሁሉ፣ ነገ ሥራ ስትገቡ የቀደመውን ከማመስገናችሁ በፊት የቀረውን ምን እንዳመመው ጠይቁት። መሮጥ ካቃተውም ከሜዳው አታስወጡት፤ የሚይዘው ሥራ ስጡት።