ደጅ የሌለው ደጅ ጥናት

ፒክአፕ የሚገዛ ሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ ዕቃ የሚጭንና ዕቃ የሚጭን መስሎ መታየት የሚወድ። እኔ ከመጀመሪያው ወገን ነኝ። በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግና አካባቢው ቤት እቀባለሁ፣ ሴራሚክ አነጥፋለሁ፣ የሚያፈስ ቧንቧ ካገኘሁም አላልፍም። ይህን ሁሉ የምሠራው የልጆቹን ወንበር አውጥቼ መሰላል በማስገባባት አሮጌ ሚኒቫን ነበር። እሑድ ማለዳ መሰላሉ ይወጣል፣ ወንበሩ ይመለሳል፣ ቤተ ክርስቲያን እንሄዳለን። ባለቤቴ ነጠላዋን አሽትታ፣ «ዛሬም ቅዳሴ የምንገባው ቀለም ቀለም እየሸተትን ነው» ትለኛለች። ትልቁ ልጄ ደግሞ ካልሲው ላይ የደረቀ ስቱኮ እየፈለፈለ ይስማማል።

ስለዚህ ፒክአፕ አስፈለገኝ። ግን የአሜሪካ ፒክአፕ አይታችኋል? ሞተር መክደኛው ደረቴ ጋ ይደርሳል። ለመሳፈር እርካብ ይፈልጋል፤ ለማቆም የሰው ግቢ። አዲስ አበባ ሳለሁ ፒክአፕ ማለት ሃይሉክስ ነበር፤ ሲሚንቶም በግም የሚጭን፣ ጭቃ የማይፈራ፣ ጠባብ መንገድ የሚገባ። እዚህ መጥቼ ሃይሉክስ ብፈልግ የለም። ምክንያቱን ስጠይቅ ዶሮ ነው አሉኝ።

ቀልድ መስሎኝ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው፦ በ1960ዎቹ መጀመሪያ አውሮፓውያን የአሜሪካ ዶሮ ገበያችንን አጥለቀለቀው ብለው ቀረጥ ጣሉበት። ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን በታኅሣሥ 1963 አጸፋውን ፈረሙ፤ ከድንች ስታርች፣ ከዴክስትሪንና ከብራንዲ ጋር ከውጭ በሚገባ ቀላል የጭነት መኪና ላይ 25 በመቶ ቀረጥ ተጣለ። የሌሎቹ ቀረጥ ከጊዜ በኋላ ሲቀር የመኪናው እስከ ዛሬ አለ። በዚያ ቀረጥ ጥላ ሥር የሀገሩ ፒክአፕ ተቀናቃኝ አጥቶ እየወፈረ ሄደ። የዶሮ ጠብ እኔን ስድሳ ዓመት ጠብቆ ሜሪላንድ ላይ ያገኘኛል ብሎ ማን ያስባል?

ታዲያ በ2021 ነገሩ ትንሽ ተለወጠ። ፎርድ ማቭሪክ የሚባል ትንሽ ፒክአፕ አወጣ፤ ከነሃይብሪዱ፣ ከተማ ውስጥ በጋሎን 42 ማይል፣ በእኛ ስሌት በሊትር 18 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሄድ። አንድ ወዳጄ ቀድሞ ገዛና ነዳጅ ማደያ መርሳቱን ለሰው ሁሉ ያወራ ጀመር። ሰው ሲያወራብኝ አልወድም። እኔ ግን ዓይኔን የጣልኩት ከሌላ ኩባንያ ሊወጣ በታቀደ አዲስ ሃይብሪድ ፒክአፕ ላይ ነበር። ስሙን አልጠራም፤ ጠብ አልፈልግም። መኪና መሸጫው ውስጥ የሚሠራ አንድ የሀገሬ ልጅ አለ፤ ጨዋ፣ አፈ ቅቤ። «ጋሼ፣ እርስዎ ቀብድ ያስይዙ እንጂ ሌላው የኔ ጣጣ ነው» አለኝ። አስያዝኩ።

ከዚያ በኋላ ወራት አለፉ። በመጨረሻ ስልክ ሳልደውል የዋልኩበት ቀን ሲጠፋ፣ ልጁ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ መኪናው አለ፤ ግን የለም» አለኝ።

ይህን የመሰለ ነገር ሰንበት ትምህርት ቤት ሰምቼ አውቃለሁ፤ መኪና መሸጫ ውስጥ ግን የመጀመሪያዬ ነው። ሲያብራራልኝ፣ መኪናው ተሠርቶ አልቋል። ጎማው ተገጥሟል፣ ቀለሙ ደርቋል፣ ከመሰሎቹ ጋር ፋብሪካው አጠገብ ተደርድሮ ቆሟል። የቀረው ወረቀት ነው።

ምን ወረቀት? እዚህ ላይ ነው ቀለም ቀቢው ሰውዬ ሌሊት ሌሊት ሕግ ማንበብ የጀመረው። በአሜሪካ የንጹሕ አየር ሕግ መሠረት ማንኛውም አዲስ መኪና ከአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲው ሰርተፊኬት ካልተሰጠው አይሸጥም። ፋብሪካው ሊሠራው ይችላል፤ ሊሸጠው ግን አይችልም። ሰርተፊኬቱ ደግሞ ለአንድ የሞዴል ዓመት ብቻ ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ይጠየቃል። የአሜሪካ መኪና ሠሪዎች እንደ እኛ የራሳቸው ዘመን አቆጣጠር አላቸው፤ የመጪውን ዓመት ሞዴል ዘንድሮ ይሸጣሉ። እኛ ከዓለም ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ፣ እነሱ አንድ ዓመት ወደ ፊት። ያገናኘን ወረፋው ነው።

ፈተናውም ቀላል አይደለም። መኪናው ሌሊቱን ሳይነሳ እንዲያድር ይደረጋል። ከዚያ ቤት ውስጥ በሚሽከረከር በርሜል ላይ ይወጣና አንድ ሹፌር ስክሪን ላይ የተሳለውን መስመር እየተከተለ 11 ማይል ያህል ይነዳዋል፤ ግማሽ ሰዓት፣ በአማካይ በሰዓት 21 ማይል። ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ሁሉ በከረጢት ይጠራቀማል። የተሳለው መስመር የሎስ አንጀለስ ሰው በ1960ዎቹ ሥራ ሲሄድ የነዳበት ጉዞ ነው። እንግዲህ ሲልቨር ስፕሪንግ ለሚሠራ መኪና የሎስ አንጀለስን የድሮ ትራፊክ በአንድ ክፍል ውስጥ መድገም ማለት ነው። ይህ አልቆ የአውራ ጎዳናው አለ፣ የብርዱ አለ፣ የሙቀቱ አለ።

ሃይብሪድ ሲሆን ነገር ይወሳሰባል። ባትሪው ሞልቶ ጀምሮ ባዶ ሆኖ ከጨረሰ ቆጥቤአለሁ ያለው ነዳጅ ሐሰት ይሆናል፤ ስለዚህ ሲጀምርና ሲጨርስ ያለው የባትሪ መጠን መመጣጠን አለበት። መኪናው ቆሞም ይመረመራል፤ በታሸገ ክፍል ተዘግቶ፣ ሙቀቱ እየወጣና እየወረደ፣ ከታንከሩ የሚተነው ቤንዚን ይለካል። ተራ መኪና ይህን ትነት ሞተሩ ሲሠራ መልሶ ይስበዋል፤ የሃይብሪድ ሞተር ግን ብዙውን ጊዜ ጠፍቶ ስለሚሄድ ለዚያም መላ ይፈለግለታል። አብዛኛውን ፈተና ኩባንያው ራሱ ሠርቶ ውጤቱን ያቀርባል፤ መንግሥት ደግሞ ከፊሉን ሚሺጋን፣ አን አርበር ባለው ላቦራቶሪው ደግሞ ይፈትሻል።

ይህን ተምሬ ሳልጨርስ ሌላ ነገር ተገለጠልኝ። ሜሪላንድ በ2007 ባወጣችው ሕግ ከ2011 ሞዴል ጀምሮ የካሊፎርኒያን የጭስ ደረጃ ተቀብላለች። ካሊፎርኒያ ደግሞ የራሷን ፈቃድ ለብቻ ትሰጣለች። እኔ አትላንቲክ ዳር ተቀምጬ የፓሲፊክን ቡራኬ ጭምር እጠብቃለሁ ማለት ነው። ለባለቤቴ ስነግራት፣ «ታዲያ ለምን ሦስተኛ ደግሞ ከሐዋይ አይጠይቁም?» አለችና ወንበሩን ወደ ቫኑ መለሰች።

አዲስ አበባ ያለው አጎቴ በሙያው ሹፌር ነበር፤ ከቦሎ ጋር ዕድሜ ልኩን ተጨቃጭቋል። ሁሉን ዘርዝሬ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና፣ «የቀረው ወረቀት ብቻ ነው?» አለ።

«አዎ፣ አባባ።»

«እና እዚያ ቢሮ ሰው የለህም?»

«እንኳን ሰው፣ ቢሮውንም አላውቀው።»

«አይ አንተ! እኛ በነዳጅ ብቻ የሚሄድ መኪና እንዳይገባ ከከለከልን ቆየን፤ አንተ አሜሪካ ተቀምጠህ በግማሽ ኤሌክትሪክ ትሰቃያለህ?» ብሎ ሳቀብኝ። እውነቱን ነው፤ ኢትዮጵያ ክልከላውን በእኛ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. አውጃለች። ስቆ ሲያበቃ ግን የተናገረው አልተረሳኝም፤ «እኛ ዘንድ ደጅ ስትጠና ቢያንስ ደጁን ታውቀዋለህ» አለኝ።

በዚያው ሰሞን ከስቴቱ ደብዳቤ መጣ። አሮጌዋ ሚኒቫን በየሁለት ዓመቱ የሚደረገው የጭስ ምርመራዋ ደርሷል ይላል። ልቤ ተሰበረ። ይቺ የምታስነጥስ፣ ቁልቁለት ላይ የምታቃስት ነገር ታልፋለች? ወሰድኳት። ሰውዬው ከመሪው ሥር ሽቦ ሰካ፣ የመኪናዋን ኮምፒውተር አነጋገረ፣ ኮምፒውተሯም የሚያሳስብ ነገር የለብኝም አለች መሰለኝ፣ ሽቦውን ነቅሎ ወረቀት ሰጠኝ። አለፈች። እዚያው ቆሜ ወረቀቱን ሳየው፣ በመኪና ዕድሜ አያት የምትሆነው ጭሷ ንጹሕ ነው ተብሎ ሲመሰከርላት፣ ያልተነዳው፣ ያልጨሰው፣ ያልተወለደው ማለት ይቻላል፣ ገና ፈተና ላይ ነበር።

በዚህ ንዴት ውስጥ ሆኜ እንኳ ፈተናው ይቅር ማለት አልቻልኩም፤ ያነበብኩት ከለከለኝ። በመስከረም 2015 ኤጀንሲው ቮልስዋገንን የወነጀለበትን ጉዳይ ታስታውሳላችሁ። የናፍጣ መኪናዎቹ ፈተና ላይ መሆናቸውን የሚያውቅ ሶፍትዌር ነበራቸው፤ በርሜሉ ላይ ንጹሕ፣ መንገድ ላይ ሲወጡ ከተፈቀደው እስከ 40 እጥፍ የናይትሮጅን ኦክሳይድ የሚተፉ። በዓለም ዙሪያ 11 ሚሊዮን ያህል ነበሩ። ቀድሞ ፍንጩን ያገኙት መኪናዎቹን ከላቦራቶሪ አውጥተው መንገድ ላይ እየነዱ የለኩ የዌስት ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ናቸው።

ሃይብሪድም ከጣጣ ነጻ አይደለም። ፎርድ ሲ-ማክስ በሚባለው ሃይብሪዱ ላይ በጋሎን 47 ማይል ብሎ ለጥፎ ነበር፤ በ2013 ወደ 43 አወረደው፣ ለገዢዎችም ካሳ ከፈለ። ሕግ ጥሶ አልነበረም። ደንቡ አንድ ዓይነት ሞተርና ማርሽ ያላቸው፣ ክብደታቸው የሚቀራረብ መኪናዎች በአንዱ የፈተና ውጤት እንዲጠቀሙ ስለሚፈቅድ፣ የተለጠፈው የወንድሙ የፊውዥን ቁጥር ነበር። ሲ-ማክስ ግን ቁመቱ ነፋስ ያበዛበታል። እኔ ነዳጅ ቆጣቢ ብዬ ገንዘቤን የማወጣው መስኮቱ ላይ የተለጠፈውን ቁጥር አምኜ ነው። ቁጥሩን የሚጠብቅ ሰው ካለ ጊዜ ይውሰድ።

እንግዲህ ምን አበገነኝ? ዝምታው። መኪና ሻጩን ልጅ ስጠይቀው ፋብሪካው አልነገረኝም ይላል። የኩባንያው የስልክ አስተናጋጅ «ትዕዛዝዎ በሂደት ላይ ነው» ትላለች፤ ሂደቱ የት እንደደረሰ ስጠይቃት ያንኑ ዐረፍተ ነገር በበለጠ ትሕትና ትደግመዋለች። በኋላ እንዳነበብኩት ዝምታው ራሱ ሥርዓት አለው፤ መኪናው ገበያ እስኪወጣ ድረስ ኩባንያው ያቀረበው ማመልከቻ ምሥጢር ሆኖ ይጠበቃል፤ ተፎካካሪ እንዳያየው። ስለዚህ የሚያውቀው አይናገርም፤ የሚናገረው አያውቅም። ለዚህ ነው የመዘግየቱ ጥፋት የማን እንደሆነ እስከ ዛሬ የማላውቀው፤ ወረቀቱን ያዘገየው አቅራቢው ይሁን ተቀባዩ የነገረኝ የለም።

አጎቴ ያለው እዚህ ጋ ገባኝ። ሀገር ቤት ጉዳይ ሳስፈጽም ተንገላትቻለሁ፤ ፊርማ የሚፈርመው ሰው ስብሰባ ነው፣ ማኅተሙ ተቆልፎበታል፣ ነገ ተመለስ ተብያለሁ። ግን ነገ ተመለስ ያለኝ ሰው ፊት ነበረው። ተቆጥቼው አውቃለሁ፤ አሳዝኜውም ጉዳዬ ያለቀበት ቀን ነበረ። ከእኔ ጋር አግዳሚው ላይ የተቀመጡት ሰዎች ማን ከእኔ በፊት እንደመጣ ያውቁ ነበር። እዚህ ወረፋ አለ፤ ወረፋተኛ አይታይም። ደጅ ጥናት አለ፤ ደጁ የለም።

አንድ ቀን መኪናው መጣ። ልጁ «ጋሼ፣ እንኳን ደስ አለዎት!» ብሎ ደወለልኝ፤ ሄጄ መጀመሪያ ያየሁት መኪናውን ሳይሆን መስኮቱ ላይ ያለውን ወረቀት ነው። ይህ ወረቀት በ1958 በወጣ ሕግ ግዴታ የሆነ ነው፤ ሕጉን ባቀረቡት በኦክላሆማው ሴናተር በማይክ ሞንሮኒ ስም ይጠራል። ዋጋው፣ ተጨማሪ መሣሪያው፣ የነዳጅ ቁጥሩ ሁሉ ሰፍሮበታል። ስንት ጊዜ ቆሞ እንደጠበቀ የሚጻፍበት መስመር ግን የለውም።

አሁን በአካባቢያችን አዲስ መኪና የሚያዝ ሰው ሁሉ ወደ እኔ ይላካል። ቀለሙን፣ ዋጋውን፣ የባንኩን ወለድ ይጠይቁኛል። እኔ የምመልሰው አንድ ነው፦ ካሊፎርኒያ የሰጠችውን ፈቃድ በኩባንያና በሞዴል ዓመት ዘርዝራ ለሕዝብ ታወጣለች፤ ቀብድ ከማስያዛችሁ በፊት የመኪናው ስም እዚያ መኖሩን እዩ። ዝርዝሩ የተፈቀደውን ይነግራችኋል፤ የቆመው ለምን እንደቆመ ግን አይነግራችሁም። ስሙ ከሌለ ቀኑን ለሚምልላችሁ ሰው ጆሮ አትስጡ፣ ቫናችሁንም አትሽጡ።