በበረኪና የታጠበው ሰደርያ

ታናሽ እህቴ አሰላ ካገባች ወዲህ መስቀልን እዚያ ማክበር ለምጃለሁ። ባሏ በአንድ የግል ጥበቃ ድርጅት ተቀጥሮ ብር ያጅባል፤ በገብስ መሸጫ ሰሞን ወደ ሳጉሬና ወደ በቆጂ ይመላለሳል። አንድ ዓመት ስሄድ ድርጅቱ ያገለገለ ቡሌትፕሩፍ ሰደርያ ሰጥቶት አገኘሁ። የሌላ ሰው ላብ ይሸታል፤ አንገቱና ብብቱ ጠቁሯል። እሱ ግን ደስ ብሎታል። «ጋሼ፣ ጥይቱ ቢቀር ብርዱን ይከላከልልኛል» አለኝ። ጭላሎ ጉም ለብሶ ሲያድር የአሰላን ጠዋት የሚያውቅ ሰው ይህ ንግግር ይገባዋል።

ለሕይወቱ ተብሎ የተሰጠውን ነገር እንዲህ ቆሽሾ ማየት ከነከነኝ። በእረፍት ቀኑ እሱ ለቅሶ ሲሄድ ሙቅ ውሃ በሳፋ ቀዳሁና ሰደርያውን እንዳለ ነከርኩት። በሳሙና አሸሁት። የብብቱ ጥቁረት አልለቅ ሲለኝ በረኪና ጨመርኩበት። ውሃ ጠጥቶ እንደ ድንጋይ ከበደኝ፤ ከሳፋው ያወጣሁት በሁለት እጄ ተሸክሜ ነው። ከዚያ ሁለት ቀን ሙሉ አጥር ላይ ፀሐይ ሲመታው ዋለ። በሦስተኛው ቀን ጎህ ሳይቀድ ለብሶት ወደ በቆጂ ሄደ።

ሰደርያው የመጣበትን ቦርሳ ላስቀምጥ ሳነሳ ከውስጡ የታጠፈ ወረቀት ወደቀ። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። ቆሜ አነበብኩት። የውስጡ ንጣፍ ከውጭ ልባሱ ሳይወጣ አይታጠብም፤ ንጣፉ በእርጥብ ጨርቅ ብቻ ይጠረጋል፤ በረኪና አይነካውም፤ ፀሐይ ላይ አይሰጣም። ያደረግሁት ሁሉ የተከለከለው ነበር።

የባሏ አባት፣ አዛውንቱ፣ ምድጃው አጠገብ ተቀምጠዋል። ከበላያቸው የአባታቸው የቆዳ ጋሻ ተሰቅሏል፤ በየጊዜው ቅቤ ስለሚቀባ ያብረቀርቃል። የሆነውን ስነግራቸው ቀና ብለው አዩት። «ጋሻ ውሃ አይወድም» አሉ። «ሂድ፣ ድረስበት።»

ስልኩ ዝግ ነው። መናኸሪያ ስደርስ ሚኒባሱ ገና አልሞላም፤ ገብስ ሊጭን ባዶውን የሚወጣ አይሱዙ ለመንኩና ጋቢና ገባሁ። ያን መንገድ ሌላ ጊዜ ሳልጠግበው ነው የማልፈው። በቆጂ እነደራርቱ ቱሉን ያፈራች ከተማ ናት፤ ልጆች በጉሙ ውስጥ ሲሮጡ ይታያሉ። የዚያን ቀን ዓይኔ የፈለገው የእህቴ ባል የሄደባትን ነጭ ፒካፕ ብቻ ነበር።

ስለ ሰደርያው ዛሬ የማውቀውን ያን ጊዜ አላውቅም። ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሁሉ አንብቤያለሁ። ንጣፉ ብረት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ኬቭላር ከሚባል ክር የተሠራ፣ እጥፍ በእጥፍ የተደራረበ ጨርቅ ነው። ክሩን በ1965 እ.ኤ.አ. ያገኘችው ስቴፋኒ ክዎሌክ የምትባል አሜሪካዊት የኬሚስትሪ ባለሙያ ናት፤ ስትፈልግ የነበረው ግን የመኪና ጎማ የሚያጠነክር ክር ነበር። ጥይት ሲመታው ክሮቹ እንደ ጎል መረብ ይወጠራሉ። ጉልበቱ ከመጣበት ነጥብ ወደ ጎን ይበተናል፤ እርሳሱ አፍንጫው ተጨፍልቆ እንደ እንጉዳይ ይሰፋል፤ ሰፍቶም ይያዛል። ቢያዝም ሰውየው አይመታም ማለት አይደለም። በአሜሪካ መለኪያ ሰደርያው ሸክላ ጭቃ ላይ ተደርጎ ሲተኮስበት እስከ 44 ሚሊሜትር ቢጎደጉድም ፈተናውን ያልፋል። ይህ በደረት ላይ ሲሆን የጎድን አጥንት ሊሰብር ይችላል።

እንግዲህ ክሩ ሲደክም መረቡ ይደክማል። በረኪና ክሩን ይበላዋል፣ ፀሐይ ያሳሳዋል፣ እርጥበትም አቅሙን ይቀንሰዋል። ዛይሎን ከሚባል ሌላ ክር የተሠሩ ሰደርያዎች ገና ጥቂት ዓመት ሳያገለግሉ በእርጥበትና በሙቀት መዳከማቸው ስለታወቀ፣ የአሜሪካ መንግሥት በ2005 እ.ኤ.አ. ዕውቅናውን አንስቶባቸዋል። በአሰላ ክረምት ከላቡና ከዝናቡ ጋር የሚውል ጥበቃ ይህን ማወቅ ነበረበት። ማንም አልነገረውም።

በቆጂ መግቢያ ላይ ደረስኩበት። ዝናብ ማካፋት ጀምሯል። ወረቀቱን አውጥቼ አነበብኩለት። ዝም ብሎ ሰማኝና «እዚህ ላይ ያለው ቁጥር ምን ማለት ነው?» አለኝ። ደረጃ 3ኤ ይላል። ከሥሩ ደግሞ፦ ለሽጉጥ ጥይት፤ ለጠመንጃ አይሆንም።

ፊቱን አልረሳውም። «ጋሼ፣ እዚህ አገር ማን በሽጉጥ ይመጣብኛል? ሁሉም ክላሽ ነው።»

እውነቱን ነው። የሽጉጥ ጥይት በሰከንድ 370 ሜትር ያህል ሲበር የክላሽ ወደ 715 ይደርሳል፤ ይዞት የሚመጣው ጉልበት አራት እጥፍ ግድም ነው፣ ጫፉም የሾለ ነው። እሱን ለማቆም ከጨርቁ ፊት የሴራሚክ ወይም የብረት ሳህን ይገባል። ሴራሚኩ ጥይቱን ይሰባብረዋል፣ ከኋላው ያለው ንጣፍ ስብርባሪውን ይይዛል። የእህቴ ባል ሰደርያ ፊት ለፊቱ የሳህን ኪስ ነበረው፤ ኪሱ ግን ባዶ ነበር። እኔ በረኪና ባልጨምርበትም ከሚፈራው ነገር አያድነውም ነበር።

አመሻሹ ላይ ወደ አሰላ ስንመለስ የአዛውንቱ ጋሻ ከሐሳቤ አልወጣም። አርሲዎች የምኒልክን ጦር ዓመታት በጦርና በጋሻ ተቋቁመዋል። በ1878 ዓ.ም. ማብቂያ ግን አዙሌ ላይ ከራስ ዳርጌ ሠራዊት ጠመንጃ ጋር ሲገጥሙ ያ ጋሻ አላዋጣቸውም። ጋሻው መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ የተሠራው ለጦር ነበር። እነዚያ ሰዎች ሌላ ጋሻ አልነበራቸውም። ዛሬ ግን ለክላሽ የሚሆን ጋሻ ተሠርቷል፤ ለክላሽ ያልተሠራውን ለሰው አልብሶ «ተጠብቀሃል» ማለት ይቅር የማልለው ጥፋት ነው። ምክንያቱም ሰደርያ ያልለበሰ ሰው ከግንብ ጀርባ ይሸሸጋል፤ የለበሰው ደረቱን ይሰጣል።

ጥበቃ የሆናችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ዛሬ ማታ ሰደርያችሁን ስታወልቁ ንጣፉን አውጡና በላዩ የተለጠፈውን አንብቡ፤ እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ ተማሪ ልጅ ጥሩ። ደረጃውንና የተሠራበትን ዓመት እዩ፤ አምራቾች አብዛኛውን ጊዜ ዋስትና የሚሰጡት ለ5 ዓመት ነው። አሠሪዎችም ያንን ወረቀት በአማርኛና በኦሮምኛ አስጽፋችሁ ከሰደርያው ጋር ስጡ።