ከጠረጴዛው ጨርቅ ጋር የሚሄድ እንግዳ

ሠርግ ሲጠሩን «ማን ነው የሚያገባው?» ብለን የምንጠይቅበት ዘመን አልፏል፤ ቢያንስ እዚህ ጀርመን። አሁን ጥያቄው «ቀለሙ ምንድን ነው?» ሆኗል። ሰሞኑን የደረሰኝ መጥሪያ ወፍራም ወረቀት ላይ በወርቅማ ፊደል የታተመ ነው። ከሙሽሮቹ ስም፣ ከአድራሻውና ከሰዓቱ በታች አምስት ትናንሽ ክቦች ተደርድረውበታል። አንዱ የደረቀ ባሕር ዛፍ ቅጠል ነው፤ አንዱ የምጣድ ስባሪ፣ አንዱ የደበዘዘ ሮዝ፣ አንዱ አሸዋ፤ አምስተኛውን ከአራተኛው ለመለየት መነጽር ቀይሬም አልቻልኩም። ከሥሩ «ከእነዚህ ቀለሞች በአንዱ ብትለብሱልን ደስ ይለናል። ነጭና ክሬም የሙሽራዋ ነው። ጂንስ አይፈቀድም» ይላል።

እኔ እንደ አንዳንዱ ምስጋና ቢስ እንግዳ ላማርር አልተነሣሁም። ይህ ልማድ ከጭንቀት ገላግሎኛል። ድሮ «ምን ልልበስ?» ብዬ ቁም ሣጥን ፊት እቆም ነበር። አሁን ምን እንደምለብስ ከነጥላው አውቃለሁ፤ የሌለኝ ልብሱ ብቻ ነው። ለንግዱም በጎ ነው። የሐምሌው ሠርግ ቅጠልያ ከሆነ የነሐሴው ምጣድማ ነው፤ የመስከረሙ ደግሞ ጭራሽ ስም የለውም። በኢንተርኔት የተገዛ ዕቃ በ14 ቀን ውስጥ እንዲመለስ የአገሩ ሕግ ስለሚፈቅድ፣ የዋጋ ካርዱን ብብቷ ሥር ሸጉጣ የምትጨፍር እንግዳ ብታዩ አትፍረዱባት። እጇን ከፍ የማታደርገው አፍራ አይደለም።

የነጩ ክልከላ ደግሞ ለብቻው ሊመሰገን ይገባዋል። የእኛ ሰው የክብር ልብሱ ነጭ ነው፤ ለጥምቀትም፣ ለፋሲካም፣ ለሠርግም። ከሽሮ ሜዳ ያመጣሁት፣ ጥልፉ ከደረቱ እስከ ጫፉ የወረደ የሐበሻ ቀሚስ አለኝ፤ ከእሱ የሚበልጥ ልብስ የለኝም። ይህን ለብሼ የሰው ሠርግ ላይ ብገኝ ሙሽራዋን እንደተገዳደርኩ ይቆጠራል። አክስቴ በስልክ ሲሰሙ፣ «ምነው ልጄ፣ ባሏን ልትቀሚያት ነው እንዴ?» አሉኝ።

«ኧረ እትዬ፣ ፎቶው እንዳይበላሽ ነው።»

«እንዴት ያለው ፎቶ ነው ነጠላ የሚያበላሸው?» አሉ። መልስ አልነበረኝም።

ለነገሩ ነጩ ለዚህ አገር ሙሽሮችም የቆየ ልማድ አይደለም። የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ በ1840 እ.ኤ.አ. ነጭ ለብሳ ያገባችው ጀርመናዊውን የኮቡርግ ልዑል አልበርትን ነው። ስለዚህ ጀርመኖች «በነጩ ቬሎ የእኛም እጅ አለበት» ቢሉ አንከራከራቸውም። ነገር ግን የዛሬዎቹ ሙሽሮች ቅድመ አያቶች፣ በተለይ በገጠሩ፣ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ ብዙዎቹ የተዳሩት በጥቁር ነው። ያ ጥቁር ቀሚስ ከሠርጉ በኋላ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል፣ ለቅሶ ይደርሳል። የእኔ የቅጠልያ ቀሚስ ዕድሜ ግን ከሠርጉ ኬክ አይበልጥም።

አንድ ቅሬታ ብቻ አለኝ፤ የቀለሙ ደንብ ሥራ በግማሽ ቀርቷል፤ መንግሥት ገና እጁን አላስገባበትም። ከ1876 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመላው አገሩ ጋብቻ በሕግ የሚጸናው ሽታንዴስአምት በሚሉት የመዝገብ ቢሮ ሲፈጸም ነው። ይህ መሥሪያ ቤት ሙሽሮቹን የልደት ምስክር ወረቀት ይጠይቃል፤ እንደ እኛ ከሩቅ ለመጣ ደግሞ ያላገባ ማስረጃ፣ ትርጉም፣ የትርጉሙን ማኅተም። ስለ እንግዳ ቀሚስ ግን ትንፍሽ አይልም! ወረቀት ወዳድ በሆነ አገር እንዲህ ያለ ክፍተት እንዴት ዝም ይባላል? ደግሞስ «የደረቀ ቅጠል» ምን ዓይነት ልኬት ነው? ጀርመን ከ1927 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቀለምን በቁጥር የምትጠራ አገር ናት። ራል የሚሉት የቀለም መዝገብ አላቸው፤ የእሳት አደጋ መኪና ቀይ 3000 ነው፣ ፈዛዛው አረንጓዴ 6021። ይህን የመሰለ መዝገብ ተይዞ እንግዳ በግምት ይልበስ?

መጥሪያው ላይ «ራል 6021» ይጻፍና ነገሩ ይለቅ። መኪና ወደ ብዙ ትልልቅ ከተሞች መሀል ለመግባት መስታወቱ ላይ አረንጓዴ ተለጣፊ እንደሚጠየቅ፣ እንግዳም አዳራሽ ለመግባት ደረቱ ላይ ተለጣፊ ይኑረው። ተለጣፊውን የሚሰጥ ቢሮ ይከፈታል። ቀጠሮ በኢንተርኔት ብቻ ነው፤ የሚገኘው ቅርብ ቀጠሮ ሠርጉ ካለፈ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። አመልካቿ ቀሚሱን፣ ደረሰኙን፣ ፓስፖርቷን፣ የአድራሻ ምዝገባ ወረቀቷንና ቀሚሱን ለብሳ ሳትስቅ የተነሣችውን ፎቶ ይዛ ትቀርባለች። ቁጥር ትቆርጣለች፤ ትቀመጣለች፤ ትጠራለች። ሠራተኛዋ ቀሚሱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አውጥታ ታየውና፣

«ይህ 6021 አይደለም። 6019 ነው።»

«ልዩነቱ ምንድን ነው?»

«ሁለት።»

ማመልከቻዋ ውድቅ የሆነባት እንግዳ በአንድ ወር ውስጥ በጽሑፍ መቃወም ትችላለች። መልሱ ሲመጣ ሙሽሮቹ ልጃቸውን ትምህርት ቤት አስገብተዋል፤ አለዚያም ተፋትተዋል። ጉዳይዋ በመታየት ላይ ላለ እንግዳ ዱልዱንግ፣ ማለትም ስደተኛ ለጊዜው እንዳይባረር የሚሰጥ ወረቀት፣ ይሰጣታል፦ ከግቢው አትባረርም፣ እራት ላይ ግን አትቀመጥም፤ ለመጨፈር የተለየ ፈቃድ ያሻታል፤ ወረቀቱም በየወሩ ይታደሳል። (የእኛ ሰው ይህን ሲያነብ የሚስቀው በአንድ ጉንጩ ነው።) የሙሽራው አያት ዕድሜ ልካቸውን ለክብር ያቆዩትን ሰማያዊ ሱፍ ለብሰው ከመጡ፣ ከነምርኩዛቸው ካፖርት መስቀያው ክፍል ውስጥ ይቆያሉ፤ ሾርባው እዚያው ይሄድላቸዋል። ቀሚሱም እንደ መኪናው በየሁለት ዓመቱ ቲዩፍ የሚሉት ምርመራ ይግባ፤ በእጥበት ቀለሙ ከለቀቀ ተለጣፊው ይነሣል።

ውጤቱ ያማረ ነው። ቅጠልያ የለበሰችው እንግዳ ቅጠል ከተንጠለጠለበት ግድግዳ አጠገብ ትቆማለች፤ አስተናጋጁም ሳያያት የባዶ ብርጭቆ ትሪ ክንዷ ላይ አስቀምጦ ያልፋል። በነገራችን ላይ ያ ግድግዳ ላይ ያለው ቅጠል እውነተኛ ባሕር ዛፍ ነው። አዎ፣ እናቶች ከእንጦጦ በጀርባቸው ተሸክመው የሚያወርዱት ባሕር ዛፍ። እዚህ ከአበባ መሸጫ በዩሮ ተገዝቶ፣ እንደ ጽጌረዳ በጥንቃቄ ታስሮ ጠረጴዛ ላይ ይተኛል። ከሁሉም እንግዳ በላይ የሚታየው እሱ ነው፤ ለነገሩ ቀለሙን ያሟላ እሱ ብቻ ነው።

ይብቃኝ። ሰው ለሠርግ የሚጠራው ደስታ ሊካፈል ነው። ከግድግዳችሁ ጋር የሚሄድ ነገር ከፈለጋችሁ መጋረጃ ግዙ፤ መጋረጃ አይበላም፣ አይጠጣም፣ ስጦታ አላመጣም ተብሎም አይታማም።

የሚያናድደኝ ደግሞ ይህች አገር ልብስን ማናገር የማታውቅ አለመሆኗ ነው። በሽቫርትስቫልድ፣ በጉታኽና በአጎራባቾቿ መንደሮች፣ ያላገባች ሴት የበዓል ባርኔጣዋ ላይ ቀይ የሱፍ ኳሶች ታኖራለች፤ ያገባች ጥቁር። ባቫሪያ ውስጥ የድርንድል ሽርጥ በግራ ከታሰረ «ብቻዬን ነኝ»፣ በቀኝ ከታሰረ «ሰው አለኝ» ማለት ነው ይላሉ። ያ ልብስ ስለ ለባሿ ይናገራል። የእኔ የቅጠልያ ቀሚስ የሚናገረው ስለ ጠረጴዛው ጨርቅ ነው።

የእኛም ሰው የቀለሙን ትእዛዝ ለምዶታል፤ «ሴቶች ወይን ጠጅ፣ ወንዶች ቢዥ» የሚል መልእክት በዋትሳፕ መዞር ጀምሯል። ደግነቱ ትእዛዙን አንብቦ እንዳላነበበ የሚሆን አክስትና አጎት አይጠፋም፤ ነጭ በነጭ ሆነው ከች ይላሉ፤ ማንም በር ላይ አይመልሳቸውም። እልልታው የሚጀመረውም ከእነሱ ወገን ነው።

ስለዚህ ለወደፊቱ ጋባዦቼ አንድ ሐሳብ ላቅርብ። ጀርመኖች ፖልተርአቤንድ የሚሉት አላቸው፤ ከሠርጉ በፊት ባለው ምሽት ዘመድ ወዳጅ አሮጌ ሰሐንና ስኒ ይዞ ይመጣና ደጃፍ ላይ ይሰብራል፤ ሙሽሮቹ አብረው ስብርባሪውን ይጠርጋሉ። ብርጭቆ ብቻ አይሰበርም፣ መጥፎ ዕድል ያመጣል ይላሉ። ሰው ከሥራ እንደወጣ፣ ጂንሱን እንደለበሰ ነው የሚመጣው፤ ሸክላ ለሚፈናጠርበት ቦታ ማን ሐር ይለብሳል? ለሠርጉ ባትጠሩኝ ቅር አይለኝም። ለፖልተርአቤንዱ ጥሩኝ። ሰሐን ይዤ እመጣለሁ፤ ቀለሙን ግን አስቀድሜ አልናገርም።