«ካታስትሮፊክ» የሆነው የሆድ ቁርጠት

የዘንድሮ ተማሪ ቃል ይሰበስባል እንጂ አያነብም። የልጅ ልጄ አሥራ አንደኛ ክፍል ነው። ጠዋት ጥርሱን እየፋቀ ከሞባይሉ ላይ ረጃጅም የእንግሊዝኛ ቃላት ይሸመድዳል፤ ማታ ደግሞ «አባባ፣ ኤፌመራል ማለት ምን እንደሆነ ያውቃሉ?» እያለ ይፈትነኛል። እኔን! ዕድሜዬን ሙሉ እንግሊዝኛ ሳስተምር ጠመኔ የበላኝን ሰውዬ!

ባለፈው ሰሞን ሆዱን ቆረጠውና ለትምህርት ቤቱ የፈቃድ ማመልከቻ ጻፈ። ቁርጠቱን «ካታስትሮፊክ» ብሎት ኖሮ የሆምሩም መምህሩ ክው ብላ ደወለች። እናቱ ስልኩን ስታነሳ በሽተኛው ሽሮውን እየጠረገ ነበር። እዚያው ማመልከቻ ላይ «ኢን» የ«አት»ን ቦታ ይዟል፤ «ሚስቴክ»ም ከ«ሜክ» ተፋትታ «ዱ»ን አግብታለች። ቃል ያለ ባልንጀራው ሚዜ እንደሌለው ሙሽራ ነው፤ ምን ቢያጌጥ ግራ ይጋባል። ይህን ማን ይንገራቸው? ትንንሽ ቃላት አያስጨበጭቡማ!

በእኛ ጊዜ እንዲህ አልነበረም። የሰላም ጓዶች የተባሉት አሜሪካውያን በጎ ፈቃደኞች በ1955 ዓ.ም. ማስተማር ከጀመሩ ወዲህ የፈረንጅ አስተማሪ ገጥሞናል፤ አማርኛው እምብዛም ነውና ትርጉም መለመን ዋጋ የለውም። የቃሉን ፍቺ ከዐረፍተ ነገሩ ውስጥ አባብለን እናወጣ ነበር። ከክፍል ስንወጣም ከነአገባቡ ይዘነው ነው።

ደግሞ ቁምነገሩ ረጅሙ ቃል ላይ አይደለም። የእንግሊዝኛ ትምህርት ባለሙያው ማይክል ዌስት እ.ኤ.አ. በ1953 ሁለት ሺህ ያህል የእንግሊዝኛ ቃላት መርጦ አወጣ፤ የተራውን ጽሑፍ አብዛኛውን ክፍል የሚሸፍኑት እነሱ ናቸው። ሌላዋ ባለሙያ ኤቭሪል ኮክስሄድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2000 ለቀለም ትምህርት የሚበጁ 570 የቃል ቤተሰቦችን ለየች፦ «አናላይዝ»፣ «ፋንክሽን»፣ «ሃይፖተሲስ» የመሳሰሉትን። እነዚህን ፍለጋ ሞባይል መጎርጎር አያሻም፤ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ የሚማርበት የባዮሎጂ መጽሐፍ በእነሱ የተሞላ ነው። መጽሐፉ ግን እኛ ቤት በር ማስደገፊያ ሆኗል።

ትናንት አላስችል ብሎኝ «ልጄ፣ በቀን አንድ ገጽ አንብብ። ያላወቅኸውን ቃል ከነዐረፍተ ነገሩ ደብተርህ ላይ ገልብጥ፤ በማግስቱ የራስህን ሥራበት፤ በሳምንቱ ተመልሰህ ራስህን ፈትን» አልኩት።

ከስልኩ ቀና ሳይል «አባባ፣ ዘዴዎ እኮ ኦብሶሊት ነው» አለኝ።

ጊዜ ያለፈበት ብሎ መሳደቡስ ይቅር። ያናደደኝ ከሸመደደው ሁሉ አንዱን በትክክለኛ ቦታው ለማስገባት እኔን መምረጡ ነው!