ከፍያለሁ ብል ማን ይመነኝ?

ልጆቼ ግብር መክፈል ይከብዳል ሲሉ እሰማለሁ። የሞኝ ወሬ ነው! መክፈሉስ የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ዕድሜ የሚፈጀው መክፈልን ማስረዳት ነው። እኔ በመንዝ ደጋ፣ ከነፋስ በቀር ደንበኛ በማይበረክትባት ከተማ፣ ጨውና ሳሙና፣ ባናና በርኖስ የምቸረችር ሽማግሌ ነኝ። ሌባ ሱቄን ቢሰብር ሳሙናውን ይዞ ይሂድ፤ የደረሰኝ ሣጥኔን ግን እንዳይነካብኝ።

መጀመሪያ ስለ ቀነ ገደቡ ልናገር። ለእኛ ለትንንሾቹ፣ ለደረጃ ሐዎቹ፣ የግብር ወቅት ከሐምሌ 1 እስከ ሐምሌ 30 ነበር። ደረጃ ለ እስከ ጳጉሜን ይቆይ ነበር። ዓመታዊ ሽያጩ 1 ሚሊዮን ብርና ከዚያ በላይ የሆነው ደረጃ ሀ ደግሞ እስከ ጥቅምት 30 ድረስ ተፈቅዶለት ነበር። ልብ በሉልኝ! ባለመኪናው አደይ አብቦ፣ መንገድ ደርቆ ነበር የሚመጣው። በእግሩ የሚሄደው ሽማግሌ ግን በጉምና በጭቃ፣ የበልግ ገብሱን ጥሎ ይመጣ ነበር። በዚያ ላይ ሐምሌ 5 ጴጥሮስ ወጳውሎስ፣ ሐምሌ 7 ሥላሴ፣ ሐምሌ 19 ገብርኤል ናቸው። አዋጁ የመጨረሻው ቀን በሕዝብ በዓል ላይ ከዋለ ወደሚቀጥለው የሥራ ቀን ይሻገራል ይላል፤ ሥላሴ ግን የሕዝብ በዓል አይደሉም አሉኝ። የሕዝብ ካልሆኑ የማን ናቸው? በወቅቱ ሳያሳውቅ የቀረ ሰው ባልከፈለው ግብር ላይ በየወሩ 5 በመቶ፣ እስከ 25 በመቶ ድረስ ይቆለልበታል። የመንግሥት ሰዓት ለመቀበል ሲሆን አትዘገይም።

የእኔ ጣጣ የጀመረው በ2009 ሐምሌ ነው፤ ያ የቀን ገቢ ግምት አገር ያመሰበት፣ በየከተማው ሱቅ ያዘጋበት ክረምት። ገማቾቹ የመጡት በገበያ ቀን ነው። አንዱ ጣሪያዬን አየ፣ አንዱ ሚዛኔን አየ፣ ሦስተኛው ሆዴን አየና ጻፈ። ቅጣት እንዳይመጣብኝ የተባልኩትን ከፍዬ አቤት አልኩ። እግዜር ይስጣቸው፣ ግምቱ በዝቷል ብለው ቀነሱልኝ። እንግዲያውስ ልዩነቱን መልሱልኝ አልኩ።

«ይመለስልዎታል አባባ፤ በወቅቱ አሳውቀው ለመክፈልዎ ማስረጃ ያምጡ» አለኝ የግብር ቢሮው ልጅ።

«ለዚሁ ቢሮ አይደለም እንዴ የሰጠሁት?»

«እኔ ያኔ አልነበርኩም።»

ወረቀቴን አመጣሁ። ወደ መስኮቱ ወስዶ ገለባበጠው። ማኅተሙ ላይ የተጻፈው ቀን 12/1 ይልና የሚቀጥለውን አኃዝ የዚያ ቀን ዝናብ በልቶታል፤ ሐምራዊ ቀለም ብቻ ተንጣሎ ቀርቷል። 11 ከሆነ ሐምሌ ነው፣ በጊዜው ገብቷል። 12 ከሆነ ነሐሴ ነው፣ እንዲያውም ባለዕዳው እኔ ነኝ! «ልጄ፣ ነሐሴ 12 ቀን የፍልሰታ ሱባኤ ይዤ ገዳም ነበርኩ፤ የንስሐ አባቴ ይመስክሩልኝ» አልኩት። «ቄሱ ሲስተም ላይ የሉም» አለኝ። ቀሪውን ግልባጭ ፍለጋ መዝገብ ቤት ሄድኩ፤ ፋይሉ ባለሙያው ጋ ወጥቷል። ባለሙያው ጋ ስመለስ፣ ፋይሉ መዝገብ ቤት ወርዷል። በመጨረሻ «ለመጪው ዓመት ይያዝልዎት» ተባልኩ። ላም አለኝ በሰማይ!

የአክስቴ ልጅ ሕግ የተማረ ነው። የፌዴራሉን የታክስ አስተዳደር አዋጅ፣ ቁጥር 983/2008ን አነበበልኝ። በብልጫ የከፈለ ሰው ተመላሽ የሚጠይቀው ከከፈለበት ቀን አንሥቶ በ3 ዓመት ውስጥ ነው። ባለሥልጣኑ ግን ግብር አሳንሰሃል ብሎ ስሌቱን ሊያሻሽል ቢፈልግ 5 ዓመት አለው፤ ማጭበርበር አለበት ካለ ደግሞ ገደብ የለውም። ይታያችኋል? እኔ ሰባን ያለፍኩት ሽማግሌ በ3 ዓመት ማስታወስ አለብኝ፤ ኮምፒውተር ያለው መንግሥት እንዳይረሳ 5 ዓመት ተሰጠው! ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ አሉ።

አሜሪካ ያለው የወንድሜ ልጅ በየዓመቱ እስከ ሚያዝያ 7 ግብሩን ያሳውቅና «ሪፈንድ መጣልኝ» እያለ በስልክ ያናድደኛል። እዚያስ እንዴት ነው ብለው፣ ሰው ካሳወቀ በኋላ መንግሥትም ለመጨመር በመደበኛው 3 ዓመት፣ ዜጋውም ለማስመለስ 3 ዓመት ነው አለኝ። ያላሳወቀ ግን አይተኛም፤ በእርሱ ላይ ጊዜው መቆጠር አይጀምርም። ስለዚህ በወረቀት የሚያሳውቀው ሰው በአደራ ደብዳቤ ይልክና የፖስታ ቤቱን ደረሰኝ ያስቀምጣል፤ ያ ደረሰኝ በሕግ ፊት ይቆምለታል። እኛም ፖስታ ቤት ያቆምነው በምኒልክ ዘመን፣ በ1886 ነው፤ ምን ያደርጋል!

አባቴ ይህን ሁሉ ቀድሞ ያወቀ ሰው ነበር። በጃንሆይ ጊዜ የርስት ክርክር ሲነሣ ዳኛ ፊት የሚዘረጋው የግብር ደረሰኝ ነውና፣ ደረሰኙን በአቅማዳ ቋጥሮ ራስጌው ላይ ሰቅሎ ይተኛ ነበር። በ1960 አሥራት ቀርቶ የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ ጎጃም ጠመንጃ አነሣ፤ አባቴ ሁለተኛ አቅማዳ ገዛ። የካቲት 25 ቀን 1967 ደርግ የገጠሩን መሬት ሲወርስ ግን ደረሰኙን የሚወርስ ጠፋ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ሲሉ እውነታቸውን ኖሯል፤ ተወረሰ!

አሁን ደግሞ በ2017 የወጣው የገቢ ግብር ማሻሻያ ደረጃ ሐን ራሱን አንሥቶታል። ደረጃዬ ቀረ፤ ጉዳዬ ግን እዚያው «ደረጃ ሐ» የሚል ፋይል ውስጥ ተቀምጧል።

የምለምነው ብዙ አይደለም። እኔ ስዘገይ ወር እየቆጠሩ የሚያስከፍሉኝ፣ እነሱ ሲዘገዩም ወሩን ይቁጠሩልኝ። ወረቀት ስሰጣቸውም ቀኑን በፊደል ይጻፉልኝ፤ «ሐምሌ» የሚለውን ሁሉ ዝናብ አይጨርሰውም። እስከዚያው ያለኝን ሁሉ በሦስት በሦስት ኮፒ አስነሥቼ አንዱን ለልጄ፣ አንዱን ለንስሐ አባቴ ሰጥቻለሁ። የኮፒውን ወጪ እንዳላስይዝ ግን ያ የፎቶ ኮፒ ቤት ጎረምሳ ደረሰኝ አልሰጥም ብሎኛል።