ኮባ ልቆርጥ ወጥቼ

ወዳጄ፣ ቡናው እስኪፈላ የቦዲቲውን ጉዴን ልንገርህ። የጊፋታ ዕለት አክስቴ ቤት ነበርኩ። ጊፋታ በመስከረም የሚውል የወላይታ ዘመን መለወጫ ነው፤ በሬ ይታረዳል፣ ዘመድ ከያለበት ይሰበሰባል። አክስቴ ደግሞ አዲስ አበባ አድጋ ወደዚያ ያገባች ናትና ድፎ ዳቦ ካልደፋች በዓል የዋለች አይመስላትም። ሊጡ ኩፍ ብሏል፣ እሳቱ ተቀጣጥሏል፣ ኮባ የለም። የራሷ እንሰቶች ገና ለጋ ናቸው። «በል ቶሎ ከጎረቤት ቆርጠህ ና» ብላ ቢላ አስያዘችኝ።

ከሻሸመኔ በሃላባ አድርገህ ወደ ሶዶ ወርደህ የምታውቅ ከሆነ ቦዲቲን አልፈሃታል፤ እንሰቷንም አይተሃል። ቤቱ ከእንሰቱ ኋላ ነው። ከእንሰቱ ጥላ ሥር ቡና፣ ከቡናው ሥር ጎመንና ጎደሬ፣ አጥሩ ጥግ ቦዬ። ደጁን የከበበውን ይህን ማሳ ዳርኮዋ ይሉታል፤ የከብቱ እበትና የምድጃው አመድ የሚደፋው እዚያ ነው። ራቅ ብሎ ያለው የእህል መሬት ሾቃ ሲሆን ፍግ እምብዛም አይደርሰውም። የጓሮ አትክልት ነገር መማር የሚሻ ሰው መጽሐፉን ከመግለጡ በፊት አንድ ዳርኮዋ ቢዞር ብዙ ያተርፋል ባይ ነኝ።

ወደ ኮባዬ ልመለስ። የመጀመሪያው ጎረቤት ጓሮ ገብቼ ካገኘሁት እንሰት አንዱን ቅጠል ቆረጥኩ። ከመካከል ያለው ለጋ ቅጠል ገርጥቶ ጎንበስ ብሎ ነበር። ከተቆረጠው በኩል ቢጫ ቢጤ ዝልግልግ ነገር ወጥቶ ቢላው ላይ ቀረ፤ በሣር ጠረግኩት። ባለቤቱ ከቤት ወጥተው «ተው ልጄ፣ እሱ ታሟል፣ ከወዲያ ቤት ለምን» አሉኝ። አመስግኜ፣ ቢላዬን እንደያዝኩ ወደ ወዲያኛው ቤት ገሠገሥኩ።

እዚያ አንዲት እናት በሩ ላይ ቆመዋል። ሰላምታዬን እንኳ ሳይጨርሱልኝ «ከየት ነው የመጣኸው?» አሉ። ነገርኳቸው። «ቁም! እግርህን እንዳታነሣ!» የበዓል እንግዶች ከየመቀመጫቸው ተነሡ፤ ሕፃናቱ አጥሩ ላይ ተንጠለጠሉ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ እኔ ደግሞ አጥሩን ይዤ ቆሜአለሁ። አንዲት ልጅ ፍም በገል ይዛ መጣች። «በል ልጄ፣ ስለቱን እሳት ውስጥ ክተት፤ እኔ በቃ እስክልህ እንዳታወጣ።» ያ ሁሉ ሰው እያየኝ በአዲስ የበዓል ልብሴ መንገድ ዳር ቁጢጥ ብዬ ቢላ ጠበስኩ። ከታዳሚው መካከል አንድ ሽማግሌ «ገልብጠው እንጂ፣ በዚያኛውም በኩል!» ይሉኛል። የፕላስቲኩ እጀታ መቅለጥ ጀመረ፤ እሳቸው ግን በቃ አላሉም።

እውነታቸውን ነው። በሽታው የእንሰት አጠውልግ ነው። ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1968 አምጪ ተሕዋሱ ባክቴሪያ መሆኑን ከኢትዮጵያ እንሰት ላይ ለይተው ጻፉ፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ደግሞ ኡጋንዳ ውስጥ ሙዝ ላይ ተገኘ። የያዘውን ተክል የሚያድን መድኃኒት የለም፤ ነቅሎ ማስወገድ ነው። ከጓሮ ወደ ጓሮ በዋናነት የሚያሻግረው ደግሞ የቆራጭ ቢላ ነው፤ ሳይቀቀል ከበሽተኛ በሽተኛ እንደሚዞር መርፌ ማለት ነው። አንድ እንሰት ለመብል እስኪደርስ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ይፈጃል። የዚያ ሁሉ ዓመት ቆጮ፣ ቡላና አሚቾ፣ ገመድ የሚሆነው ቃጫና የከብቱ መኖ በእኔ ቢላ ጫፍ ላይ ነበር።

ቢላው ጠቁሮ ሲያበቃ እናትየው ፊታቸው ተፈታና እጄን ይዘው ጓሯቸውን አዞሩኝ። እያንዳንዱን እንሰት በስሙ ይጠሩታል፤ ይሄ ወንድ ነው፣ ጠንካራና በሽታ ቻይ፤ ያቺ ሴት ናት፣ አሚቾዋ ይጣፍጣል። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት የወላይታ ገበሬዎች 67 የእንሰት ዓይነቶችን በስም ለይተው እንደሚያውቁ መዝግቧል። ፍቆ፣ አብላልቶና ጋግሮ የሚያወጣው የሴት እጅ ነውና የትኛው ለምን እንደሚሆን ሴቶቹን የሚያህል አዋቂ የለም። ችግኙ ከዘር እንደማይፈላም ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው። ከምድር በታች ያለውን ግንዱን ያወጡና ከመካከሉ ልቡን ፈልቅቀው በፍግ ይቀብሩታል፤ ከወራት በኋላ ዙሪያውን ቡቃያ ይመታል። ቡቃያው ከቦታ ቦታ እየተዛወረ ያድጋል። ይህን እየሰማሁ ሊጡ ከሐሳቤ ወጣ።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፤ የዘገየም ሊጥ ያስፈስሳል። ኮባዬን ተሸክሜ ስደርስ ሊጡ ከገበቴው ተርፎ ወለሉን ይዞታል። አክስቴ እኔን አየች፣ ቢላዋን አየች፣ እጀታውን ፈልጋ አጣች። ዳቦው ኮምጠጥ ብሎ ተበላ፤ እንግዶቹም የጓሮውን ታሪክ ቀድመው ሰምተው ስለነበር እስኪመሽ ድረስ «ጠባሹ» ሲሉኝ ዋሉ።

አንተም ወዳጄ፣ እንሰት ባለበት አገር ኮባ ቁረጥ ብለው ከላኩህ፣ መጀመሪያ ባለቤቱን ጥራ፤ ከአንዱ ጓሮ ወደ ሌላው ስትሻገርም ቢላህን በእሳት አግለው ወይም በበረኪና እጠበው። እጀታው ግን የእንጨት ይሁን።