እንኳን አደረሳችሁ፤ ደመወዙ በደንብ ይወሰናል

ሚያዝያ 23 በመጣ ቁጥር ለኢትዮጵያ ሠራተኛ የሚደረግለት ክብር የሚያስቀና ነው። አዳራሽ ይዘጋጃል፣ ባነር ይሰቀላል፣ መሪ ቃል የታተመበት ቲሸርትና ቆብ ይታደላል። ባለሥልጣኑ ስለ ኢንዱስትሪ ሰላም ይናገራሉ፣ የአሠሪዎች ተወካይ ከልባቸው ያጨበጭባሉ። ይህን ሁሉ ድግስ ረግጠው «ዝቅተኛው ደመወዝ ስንት ሆነ?» የሚሉ ጨለምተኞች ግን አይጠፉም። አገሪቱ ለሠራተኛው ከዓመቱ አንድ ሙሉ ቀን ቆርሳ ሰጥታዋለች፤ የቀሩትን ቀናት ዋጋ መጠየቅ ስግብግብነት ካልሆነ ምን ይባላል?

ሕጉም ቢሆን ስለ ደመወዝ ዝም አላለም። በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 በአንቀጽ 55 የመንግሥት፣ የሠራተኛና የአሠሪ ተወካዮች ያሉበት የደመወዝ ቦርድ እንደሚኖር፣ ቦርዱም የኢኮኖሚውን ዕድገትና የሥራ ገበያውን እያጠና ዝቅተኛውን ደመወዝ በየጊዜው እንደሚያሻሽል ይነግረናል። ዝርዝሩን የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ ይወስነዋል። የሚሻሻለው ነገር አስቀድሞ መኖር የለበትም ወይ ብሎ የሚጠይቅ ካለ፣ የአገሩን ሕግ የማንበብ ልምድ የለውም ማለት ነው። እስከ 2017ቱ ሜይ ዴይ ድረስ በግሉ ዘርፍ የተቀጠረ ሰው ሕጋዊ የደመወዝ ወለል አልነበረውም። ተስፋ ግን ነበረው፤ ተስፋ ደግሞ ግብር አይቆረጥበትም።

ግብር ካነሣን አይቀር፣ የሕግ አርቃቂዎቻችንን ችሎታ የሚጠራጠር ሰው የገቢ ግብሩን አዋጅ ገለጥ አድርጎ ይይ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 979 የወር ደመወዝ ከ600 ብር ካለፈ ግብር እንደሚከፈልበት ቁልጭ አድርጎ በአኃዝ አስቀመጠ። ለዚህ ቦርድ አላስፈለገም፤ ሦስቱ ወገኖች ተሰብስበው የሥራ ገበያውን ሁኔታ ያጥኑ ያለም የለም። የጤፍና የቤት ኪራይ ዋጋ ሰማይ ሲነካ ያቺ 600 ብር ከቦታዋ ንቅንቅ ሳትል ቆይታ፣ ወደ 2,000 ብር ከፍ ያለችው በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። እንግዲህ ድሃው ከስንት ብር ጀምሮ መክፈል እንዳለበት መንግሥት ያውቃል፤ ቢያንስ ስንት ሊከፈለው እንደሚገባ ግን ጥልቅ ጥናት ይጠይቃል። ዕውቀቱ አንሶ ነው እንዳንል ሁለቱንም አዋጅ ያጸደቀው ያው ምክር ቤት ነው። ሠራተኛው የሚሰጠው በቁጥር ይጻፋል፤ የሚቀበለው ደንብ ይጠብቃል። የበዓል ቀን ሳይጓደል የሚከበርለትም ከመብቶቹ ሁሉ እጅግ ርካሹ እርሱ ስለሆነ ነው።

በዓሉን ያወረሱን የቺካጎ ሠራተኞች ይህን ዓይነት ትዕግሥት አልታደሉም። እ.ኤ.አ. በ1886 የሥራ ቀን ስምንት ሰዓት ይሁን ብለው ሥራ አቆሙ፤ ነገሩ በሄይማርኬት አደባባይ በቦምብና በጥይት ተደባለቀ፤ በተከታዩ ዓመት አራት ሰዎች ተሰቀሉ። እኛ ዘንድም የትዕግሥት እጦት ታይቷል። በ1966 ዓ.ም. የካቲት ማብቂያ ላይ የያኔው የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን አገር አቀፍ የሥራ ማቆም አድማ ሲመታ ከጥያቄዎቹ አንዱ ዝቅተኛ ደመወዝ ይወሰን የሚል ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ሄዱ፣ ደርግ መጥቶ ሄደ፣ ኢሕአዴግም አለፈ፤ ጥያቄው ግን ሳይመለስ ተከባብረን አብረን አለን።

«ወለል ከተደረገ ባለሀብቱ ይሸሻል» የሚለው መከራከሪያ ግን በሽሙጥ ብቻ የሚታለፍ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ስለ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ባወጡት ሪፖርት የልብስ ስፌት ሠራተኞች መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር መሆኑን፣ ይህም ልብስ ሰፍተው ለዓለም ገበያ ከሚያቀርቡ አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው መሆኑን ጻፉ። በአንድ ነገር ዓለምን መርተን ባነር ሳንሰቅል ያለፍነው ያኔ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። በመከራከሪያው መሠረት ፋብሪካዎቹ በደስተኛ ባለሀብትና በትጉህ ሠራተኛ መጥለቅለቅ ነበረባቸው። ሪፖርቱ ያገኘው ግን በገፍ የሚለቅ ሠራተኛና ዝቅተኛ ምርታማነት ነው። ኪራይ ከፍላ መብላት ያቃታት ልጅ እጇ መኪናውን በለመደ ማግስት ወደ ቤተሰቧ ትመለሳለች፤ ፋብሪካው ሌላዋን ከዜሮ ያሠለጥናል፤ በደመወዝ ያተረፈውን በሥልጠና ይከፍለዋል። በፓርኩ ትልቅ ስም የነበረው የልብስ ኩባንያ ፒቪኤች እ.ኤ.አ. በ2021 ማብቂያ ፋብሪካውን የዘጋው በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት ነው። ከ2022 መግቢያ ጀምሮ ከቀረጥ ነፃ የአሜሪካ ገበያ ዕድል፣ ማለትም አጎዋ፣ የተዘጋብንም በዚያው ጦርነት ሰበብ ነው። ከሁለቱ አንዱንም የደመወዝ ቦርድ አላደረገውም፤ አልነበረማ! ወለል ያላት ባንግላዴሽ በበኩሏ እ.ኤ.አ. በ2023 የልብስ ሠራተኞቿን ዝቅተኛ ደመወዝ ከ8,000 ወደ 12,500 ታካ አሳድጋ አሁንም ዓለምን ታለብሳለች።

«ድሃ አገር ነን፤ ትንንሽ ድርጅቶች አይችሉትም፤ ሰው ይበትናሉ» የሚለው ስጋት የበለጠ ክብደት አለው። ከአቅም በላይ የተሰቀለ ወለል ሥራ ሊያሳጣ ይችላል። ነገር ግን ይህ ወለሉ ምን ያህል ይሁን የሚል ክርክር እንጂ ወለል አይኑር የሚል አይደለም፤ በዘርፍና በአካባቢ እያዩ ልኩን መፈለግ ደግሞ ያ ያልመጣው ቦርድ ሥራ ነበር። ድህነታችን መንግሥትን ለራሱ ሠራተኛ ወለል ከማድረግም አላገደውም። የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ በ2017 ዓ.ም. ከ1,100 ወደ 4,760 ብር፣ በ2018 መግቢያ ደግሞ ወደ 6,000 ብር ከፍ ብሏል። ይበቃል አይበቃም ሌላ ጉዳይ ነው፤ ይኸው ሠራተኛ በማኅበር ተደራጅቶ እንዳይደራደር መደረጉም እንዲሁ። ቁም ነገሩ፣ በሚኒስቴሩ በር ላይ የቆመው ጥበቃ ምሳ እንደሚበላ ታውቋል። ከመንገዱ ማዶ በባንኩ በር ላይ የቆመው የኤጀንሲ ጥበቃ መብላት አለመብላቱ ገና ይጠናል።

ከሁሉ የሚያምረው ግን የበዓሉ ቀን ቤት ውስጥ የሚሆነው ነው። የሠራተኛው ቀን ነውና አባወራው አርፎ ይተኛል፤ ቁርሱን የምታቀርብለት፣ ቡናውን የምታፈላለት፣ የትናንቱን ልብስ የምታጥብለት የቤት ሠራተኛዋ ናት። እርሷን ሕጉ ፈጽሞ ረስቷታል ማለት ስም ማጥፋት ይሆናል። ከ1985ቱ አዋጅ ጀምሮ፣ በ1996ቱም በ2011ዱም፣ የቤት ሠራተኞች የሥራ ሁኔታ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ እንደሚወሰን ተጽፎላታል። ያኔ ገና በልጅነቷ የተቀጠረች ዛሬ የልጅ ልጅ ሳታይ አትቀርም። የቀን ሠራተኛውም በበዓሉ ያርፋል፤ ሳይቱ ሲዘጋ የዕለቱ ሒሳብም አብሮ ይዘጋልና፣ የዓለም ሠራተኞችን ቀን በራሱ ወጪ ያከብራል።

በቅንነት አንድ ሐሳብ ላቅርብ። የደንብ ነገር ጊዜና ጥናት የሚፈልግ መሆኑን ሁላችንም ተረድተናል፤ ነገር ግን በግብሩና በደመወዙ ወለል መካከል አድልዎ መኖር የለበትም። ስለዚህ የገቢ ግብሩ አዋጅ እንደገና ሲሻሻል አኃዞቹ ይውጡና ሦስቱ ወገኖች የተወከሉበት የግብር ቦርድ እንደሚቋቋም፣ ቦርዱም የአገሪቱን የኢኮኖሚ ዕድገትና የሠራተኛውን የጓዳ ሁኔታ አጥንቶ ግብሩን በየጊዜው እንደሚያሻሽል፣ ዝርዝሩም በደንብ እንደሚወሰን ይጻፍ። ደንቡ እስኪወጣ ድረስ ከማንም ደመወዝ አንድ ብር አይቆረጥ። የገቢዎች ሚኒስቴርም ቲሸርትና ቆብ ይታደለው።